የግቢ ሯጭ ስናሰለጥን የምንሠራቸው ስህተቶች

ወሎ ውስጥ ሯጭ ፈልጎ ማግኘት አያስቸግርም። ከደላንታ ወይም ከኩታበር ዳገት የመጣ ፍሬሽማን ልምምድ የሚባል ነገር ሳያውቅ እንኳ ትንፋሹ ዝግጁ ነው። ችግሩ የሚመጣው ግቢ ከገባ በኋላ ነው። እኔ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የአትሌቲክስ ቡድን ውስጥ ለጥቂት ዓመታት ረዳት ነበርኩ። የትኛው እንደሆነ ይቅርባችሁ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ውድድር ሲደርስ ብቻ መጥራት

ዋናው ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወለዳል። ውድድር ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ማስታወቂያ ይለጠፋል። ማጣሪያ ይደረጋል። ያለፈው ልጅ ቱታ ተሰጥቶት ጠዋትና ማታ ይሮጣል። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ትንፋሹ ሳይከዳው ቅልጥሙ ይከዳዋል። በሁለተኛው ሳምንት ማነከስ የጀመረ ስንት ልጅ አይቻለሁ! ውድድሩ ሲያልቅ ቱታው ይመለሳል፣ ልጁ ይረሳል፣ ለከርሞ እንደገና ከዜሮ።

ይሄን ለማስተካከል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ትምህርት እንደተጀመረ በሳምንት አራት ቀን ዱብ ዱብ ማለት፣ ኪሎ ሜትሩን ቀስ እያሉ መጨመር፣ የእያንዳንዱን ልጅ ሰዓትና ህመም ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ደብተር ስል የእውነት ደብተር ነው። እኛ ጋ አሰልጣኙ ሲቀየር የልጆቹ ታሪክ ከሰውዬው ጋር አብሮ ይሄድ ነበር።

«እኛ ደገኞች ነን» ብሎ መዘናጋት

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚያ መኖር ብቻውን ደምን ያጎለብታል። ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ፈጣኑን ልምምድ በሚፈለገው ፍጥነት መሥራት ይከብዳል፤ እግሩም ፍጥነት ሳይለምድ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ታዋቂ ጥናት አለ። 2,500 ሜትር ላይ እየኖሩ 1,250 ሜትር ላይ የተለማመዱ ሯጮች የ5,000 ሜትር ሰዓታቸውን አሻሽለዋል። ሯጮቹ የዝቅተኛ ቦታ ሰዎች ስለነበሩ ነገሩ እንዳለ እኛ ላይ አይገለበጥም። ሐሳቡ ግን ይጠቅመናል። ኮምቦልቻ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል፣ ከፍታዋም ወደ 1,850 ሜትር። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። የኢንተርቫሉን (በፍጥነት ሮጦ በመሀል እያረፉ የሚሠራውን ልምምድ) ቀን በሳምንት አንዴ ወደ ታች ማውረድ የአንድ ሚኒባስ ነዳጅ ነው። ነዳጅ ከተገኘ ማለቴ ነው።

በየቀኑ የደሴውን የጦሳ ተራራ ዳገት ማስወጣትም ሌላው ጥፋት ነው። ዳገት ጥሩ ነው፤ ግን ሯጭ ቀላል ቀን ያስፈልገዋል።

ምግቡን ለካፌ መተው

የካፌ ሽሮ ለሚያጠና ተማሪ ይበቃ ይሆናል። በሳምንት 80 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ አይበቃም። ማታ ልምምድ ጨርሶ ሲመጣ ደግሞ ካፌው ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ድርሻው እንዲቀመጥለት ኃላፊውን ማናገር የስፖርት ክፍሉ ሥራ ነው። ብረትም አለ። ቡናና ሻይ በምግብ ላይ ሲጠጡ ሰውነት ከጥራጥሬና ከእህል የሚያገኘውን ብረት ይቀንሱበታል። ወሎዬን ቡና ተው ማለት አይቻልም፤ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ግን ይቻላል።

የእኛ ቡድን ግማሹ ረመዳንን፣ ግማሹ ዐቢይ ጾምን ይጾም ነበር። እኛ ግን ፕሮግራሙን ጾም የሌለ ይመስል እናወጣለን፤ ከዚያ የደከመውን ልጅ «ሰነፍክ» እንላለን። በረመዳን ከባዱን ልምምድ ከአፍጥር በኋላ ማድረግ ይቻል ነበር።

የሴቶቹ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። የወር አበባዋ የቀረባትን ልጅ «ልምምዱ ስለጠነከረ ነው» ብሎ የሚያልፍ አሰልጣኝ ሰምቻለሁ። ብዙ ጊዜ የምትበላው ከምታቃጥለው ስላነሰ ነው፤ ሲቆይ አጥንት ያሳሳል። ግን አሰልጣኙም ወጌሻውም ወንድ በሆነበት ቡድን ለማን ትንገር?

ትምህርቱን እንደ እንቅፋት ማየት

አንድ የ5,000 ሜትር ልጅ ነበረን፣ የኢንጂነሪንግ ተማሪ። ውድድሩ ከሚድ (ከሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ጋር ተጋጨበት። «ደብዳቤ እንጽፍልሃለን፣ አንተ ብቻ ሩጥ» አልነው። ሮጠ። ደብዳቤው አንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ከረመ፤ መምህሩ ጋ ሲደርስ ውጤት ተለጥፏል። በሴሚስተሩ መጨረሻ ልጁ ተባረረ። ያመጣው ሜዳሊያ ግን በዓመቱ ሪፖርት ላይ ተጽፏል። አሁን ቢሆን ሁለቱን ካላንደር ገና በምዝገባ ሳምንት ጎን ለጎን አስቀምጬ አያለሁ። ደብዳቤውንም ልጁ አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊት ራሴ መምህሩ እጅ ላይ አደርሳለሁ።

ህመምን በወኔ ማከም

«ሩጥበት፣ ይለቅሃል» አይሠራም። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ተጭኖ ሳምንት የሚቆይ የቅልጥም ህመም የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ከፋርማሲ የሚገዛ የጉንፋን መድኃኒትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንዱ ውስጥ ሱዶኤፌድሪን አለ፤ ይሄ በውድድር ጊዜ ከተወሰነ መጠን በላይ የተከለከለ ነው። በዶፒንግ ሕግ ደግሞ ሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አትሌቱ ራሱ ነው፤ «አላወቅሁም» ብሎ ማምለጥ የለም። ይሄን በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው፣ ቱታውን ከማደላችሁ በፊት።