ዊንዶውስና ኦፊስ እምቢ ሲሉን ብዙዎቻችን የምንሳሳተው

እኛ ጎንደር ኮምፒውተር ትንሽ ካስቸገረ መልሱ አንድ ነው፣ ፎርማት ይደረግ፣ ማለትም ያለው ሁሉ ይጥፋና ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን። ስንት ሰው የልጆቹን ፎቶ እንዲህ እንዳጣ ስላየሁ ነው ይቺን የምጽፈው።

ትልቁ ስህተት ቀኑን ሳያዩ ፎርማት ማስደረግ ነው። ባለፈው ክረምት አዘዞ ያለችው እህቴ ደወለችልኝ፣ ከፍላ የገዛችው ኦፊስ አክቲቬት አልሆን (ፈቃዱ አልረጋገጥ) ብሏታል፣ ኢንተርኔቱ አለ ግን የከፈተችው ዌብሳይት ሁሉ ማስጠንቀቂያ ያወጣባታል፣ ፒያሳ ኮምፒውተር ጠጋኞች ጋ ወስዳው ደግሞ ካልተፎረመተ አይሆንም ብለዋታል። ሄጄ ሳየው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዓመት 2017! ለካ መብራት ሲጠፋ የዴስክቶፑን ሰዓት የምትይዘው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፣ ቀኑ ወደ ኋላ ሲመለስባቸው ባሏ ላስተካክል ብሎ የኛን ዓመተ ምህረት አስገብቶበታል። ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ 8 ዓመት ወደ ኋላ ቀረ። ሶፍትዌር ላይሰንሱን (የመጠቀም ፈቃዱን) ሲያረጋግጥ ከሰርቨሩ፣ ማለትም ከኩባንያው ኮምፒውተር፣ የሚመጣለት ሰርተፍኬት እንደ መታወቂያ ነው፣ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን አለው፣ 2017 ላይ ነኝ ለሚል ኮምፒውተር ያ ሰርተፍኬት ቀኑ ገና አልደረሰም፣ ስለዚህ አልቀበልም ይላል። 2025 ስናደርገው ወዲያው ሰራ። ሰዓቱንም በኛ አታስገቡ፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ለሱ 8 ነው፣ ታይም ዞኑ ላይ አዲስ አበባ ስለሌለ ናይሮቢን ምረጡ። ባትሪዋ ሲአር 2032 ትባላለች፣ ቀይሯት፣ አለበለዚያ መብራት በሄደ ቁጥር ያው ነው።

ሌላው፣ ዊንዶውስ ሆም እና ፕሮ የሚባሉ ዓይነቶች አሉት፣ ላፕቶፑ ሲገዛ ሆም ይዞ ከመጣ የላይሰንሱ ቁልፍ ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀምጧል፣ ፎርማት ሲደረግም ያንኑ ሆም ከጫናችሁና ኢንተርኔት ካገኘ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ዝም ብለው ፕሮ ሲጭኑባችሁ ነው ያላችሁን ላይሰንስ ትታችሁ ክራክ (ሳይከፈል እንዲሰራ የሚያደርግ ሕገወጥ ፋይል) ፍለጋ የምትገቡት። ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ሰቲንግ ገብታችሁ ሆም ይሁን ፕሮ ጻፉት እባካችሁ።

ክራኩን በተመለከተ፣ አንቲቫይረስህን አጥፋና ክፈተኝ የሚል ፋይል ምን ይዞ እንደሚገባ ማን ያያል፣ ፓስወርድ የሚሰርቅ ሊሆን ይችላል። ከመስሪያ ቤት የተወሰደ ላይሰንስም ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ አይዘልቅም፣ በ180 ቀን ውስጥ የመስሪያ ቤቱን ሰርቨር ካላገኘ ይወድቃል፣ "ስድስት ወር ሰርቶ ተበላሸ" የምትሉት አንዳንዴ እሱ ነው።

ፕሮግራም አልጫን ካለም፣ ዊንዶውስም ፕሮግራምም 32 ቢትና 64 ቢት የሚባል ዓይነት አላቸው፣ 64 ቢት ፕሮግራም 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይጫንም፣ የናንተ የቱ እንደሆነ ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ዳውንሎድ እያደረጋችሁ መብራት ወይ ኔትወርክ ከሄደም ፋይሉ ጎዶሎ ሊሆን ስለሚችል አጥፍታችሁ እንደገና አውርዱት።

ደግሞ ለሲቪና ለደብዳቤ ብቻ ብላችሁ ክራክ አትፈልጉ፣ የኦፊስን ስራ የሚሰራ ሊብሬኦፊስ የሚባል ፕሮግራም በነጻ አለ፣ የወርድ ፋይልም ይከፍታል። የአማርኛ ኪቦርዱ ዊንዶውስ ውስጥ አለ፣ ላንጉጅ የሚለው ጋ ገብቶ መጨመር ነው።