ጠገራና የምኒልክ ብር በኢንተርኔት ሲገዙ ሻጩን መፈተኛ መንገድ

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በሞጣ ተቀምጦ የድሮ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው፣ በቴሌግራም ቻናሎችና በፌስቡክ ገጾች ከሚያስተዋውቁ፣ በአካል ከማያውቃቸው ሻጮች ጋር መዋዋሉ አይቀርም። በዚህ ንግድ የሚያስቸግሩት ሻጮች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው ሐሰተኛውን እያወቀ እውነተኛ ነው ብሎ የሚሸጥ አታላይ ሲሆን፣ ሁለተኛው የያዘውን ነገር ሳይመዝንና ደኅና ፎቶ ሳያነሣ በሰማው ወሬ ብቻ ዋጋ የሚቆርጥ ግዴለሽ ነው። በእኔ አስተያየት ይበልጥ የሚያደክመው ሁለተኛው ነው፤ አታላዩ ሁለትና ሦስት የጠበቁ ጥያቄዎች ሲቀርቡለት ይሸሻል፣ ግዴለሹ ግን ለሁሉም «እሺ» እያለ አንዱንም ሳይፈጽም ሳምንት ያስቆጥራል። ለሁለቱም የሚበጀው መፍትሔ፣ ገንዘብ ከመላክ በፊት የሻጩን ትረካ ትቶ ስለ ብሩ አካል መጠየቅ ነው።

ምርመራው ከዓመተ ምሕረቱ ይጀምራል። «ይህ ጠገራ ከአያቴ የወረስሁት፣ ከ240 ዓመት በላይ የሆነው ነው» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ፣ በጠገራው፣ ማለትም የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ባለበት የብር ገንዘብ ላይ ያለው 1780 የሚለው ቁጥር ዕድሜውን እንደማያረጋግጥ ያስታውሱ። 1780 በአውሮፓውያን አቆጣጠር እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የሞቱበት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ የተቀረጹት ሁሉ ይህንኑ ቁጥር ይዘው ወጥተዋል፤ ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ በ1935 እ.ኤ.አ. የመቅረጫውን መብት ከኦስትሪያ አግኝታ ሮም ላይ አስቀርጻለች፣ ቪየናም እስከ ዛሬ ትቀርጻለች። ስለዚህ የተለመደው ጠገራ ዋጋው ከያዘው የብር ማዕድን ብዙም ሊርቅ አይገባውም። በ1936 ዓ.ም. የተጻፈባቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመዳብ ሳንቲሞችም እንዲሁ ዓመታቸው ሳይለወጥ ለረጅም ዘመን ስለ ተቀረጹ፣ ቁጥሩ ብቻውን ብርቅ አያደርጋቸውም። ከእነርሱ መካከል ልብ ሊባል የሚገባው ክቡ 25 ሳንቲም ነው። ሰዎች ብር እየቀቡ በ50 ሳንቲም ስም ያሳልፉት ስለ ነበር ጠርዙ ሞገዳማ በሆነው እንዲተካ ተደርጓልና፣ ክብ ሆኖ የቀረው በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋል።

የዳግማዊ ምኒልክ ብር ዓመቱን በግእዝ ቁጥር ይዟል፤ ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፪ እና ፲፰፻፺፭ የሚሉ አሉ። ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ዘንግቶ እንደ ፈረንጅ ዓመት የሚያስተዋውቅ ሻጭ ብዙ ጊዜ ግዴለሽ እንጂ አታላይ አይደለም። በእኛ አካባቢ ግን ሌላ ዓይነት ትረካ አለ፤ «ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ግምጃ ቤት የወጣ ነው» እየተባለ ዋጋው እጥፍ ይጠየቃል። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ያረፉት በጥር 1893 ዓ.ም. ነው፤ ብሩ ላይ ፲፰፻፺፭ የሚል ከተነበበ ትረካው በዚያው ይወድቃል። ዓመቱ ቀደም ያለ ቢሆንም እንኳ፣ የጽሑፍ ማስረጃ ለሌለው የግምጃ ቤት ወሬ አንድም ሳንቲም መጨመር አያስፈልግም።

ቀጥሎ ክብደቱን ይጠይቁ። የምኒልክ አንድ ብር ሲቀረጽ 28.075 ግራም ነበር፣ ከዚህም ውስጥ በሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ጠገራው 28.07 ግራም ገደማ ሲመዝን የብር መጠኑ በሺህ 833 ነው። የሁለቱም ስፋት 40 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በገበያ ብዙ የዞረ ብር ጥቂት የግራም አሥረኛ ሊያጣ ይችላል፣ ሁለት ግራም የጎደለው ግን መልስ ሊያገኝ የሚገባው ጥያቄ አለበት። ሻጩ «ሚዛን የለኝም» ቢል ምክንያት አይሆንም፤ ወርቅ ቤቶች ግራምን በመቶኛ የሚለይ ሚዛን አላቸው፣ የሚዛኑ ቁጥር ከነብሩ በአንድ ፎቶ ውስጥ መታየት አለበት።

ክብደት ብቻውን ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም ከነሐስ ወይም ከመዳብና ከኒኬል ድብልቅ የተሠራውን አስመሳይ ትንሽ አወፍሮ ክብደቱን ማስተካከል ይቻላል። ማግኔትም ብረት ያለበትን ብቻ ነው የሚያጋልጠው። ይህን ሁሉ የሚለየው የውኃ ሙከራ ነው፤ ብሩ በእጅዎ ሲገባ፣ ቢቻል ሒሳቡን ከመጨረስዎ በፊት ይሥሩት። ውኃ የያዘ ብርጭቆ በሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ከዚያ ብሩን በቀጭን ክር አስረው ታችና ጎን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ያንጠልጥሉት። 28.07 ግራም የሚመዝን እውነተኛ ብር ሚዛኑን 2.75 ግራም አካባቢ ያስነብበዋል። ነሐስ ከሆነ 3.3 ገደማ፣ የመዳብና የኒኬል ድብልቅ ከሆነ 3.15 ገደማ ይመጣል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም መቶኛ ለሚያነብ ሚዛን ሰፊ ነው።

ፎቶን በተመለከተ ሁለቱ ገጾች ብቻ እንዲላኩልዎ አይስማሙ፤ የጠርዙም ፎቶ የግድ ነው። በጠገራው ጠርዝ ዙሪያ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ይዞራል፤ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ብዙውን ጊዜ የሚከዳው እዚህ ላይ ነው፤ ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ ወይም የመጋጠሚያ መስመር ይታያል። በጠገራው ፊት ላይ ደግሞ የእቴጌይቱ የትከሻ ጌጥ ዕንቆች አንድ በአንድ ተለይተው መቆጠር አለባቸው። ብሩ በእርግጥ በሻጩ እጅ መኖሩን ለማወቅ፣ የዕለቱ ቀንና የእርስዎ ስም ከተጻፈበት ወረቀት አጠገብ ተቀምጦ ፎቶ እንዲነሣ ይጠይቁ፤ የተላከልዎን ፎቶም በጎግል ሌንስ ይፈልጉት፣ ከውጭ አገር የጨረታ ገጽ የተወሰደ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይገለጣል።

ግዴለሹ ሻጭ ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው በማጽዳት ነው። ገዢውን ደስ ያሰኘ መስሎት ብሩን በሎሚና በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና ፈትጎ እንደ መስተዋት አብለጭልጮ ይልከዋል፤ በዘመናት የያዘው ጥቁረት አንዴ ከተነሣ ግን አይመለስም፣ የተፋቀውንም ሰብሳቢ በጣም ባነሰ ዋጋ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ዋጋ ሲስማሙ «እንዳለ ይላክልኝ፣ ምንም እንዳይነካ» ብለው በጽሑፍ ያስቀምጡ። የአንገት ጌጥ ሆነው የኖሩ ብሮችም ብዙ ናቸው፤ ማንጠልጠያው ተነቅሎ ቦታው በሞረድ የተስተካከለ እንደ ሆነ በጠርዙ ፎቶ ላይ ጠባሳው ይታያል። በቀዳዳው ወይም በብየዳው ምክንያት ዋጋው እስከ ቀነሰ ድረስ እንዲህ ያለውን መግዛት ነውር የለበትም፤ እኔ እንዲያውም አንገት ላይ የኖረውን እወድዳለሁ።

ክፍያ ላይ ጥንቃቄው ይጥበቅ። «ሌላ ገዢ መጥቶብኛል፣ ቶሎ ቀብድ ላኩ» የሚል መልእክት ሲደርስዎ ለሌላው ገዢ ይተዉለት። በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ሲልኩ ከማረጋገጥዎ በፊት የሚወጣውን የተቀባይ ስም ከሻጩ ስም ጋር ያመሳክሩ፤ «የወንድሜ ሒሳብ ነው» ከተባለ ግብይቱ እዚያው ይቁም። ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ እዚያ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ብሩን አይቶ፣ አስመዝኖ እንዲከፍል ማድረግ ከሁሉ ይሻላል። ይህ ካልሆነና ብሩ በአውቶቡስ የሚላክ ከሆነ፣ የሰሌዳ ቁጥሩንና የረዳቱን ስልክ ሳይቀበሉ፣ ለረዳቱም ራስዎ ደውለው ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። ጥቅሉ ሲደርስ ከመፈታቱ ጀምሮ እስከ ሚዛኑ ድረስ ሳያቋርጡ በቪዲዮ ይቅረጹት።

ክርክር ቢነሣ የሚጠቅምዎ አስቀድመው ያስቀመጡት ማስረጃ ነው። በቴሌግራም አንዱ ወገን ንግግሩን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል፣ ክብደቱን፣ ዓመቱን፣ ዋጋውንና «ካልተስማማ ይመለሳል» የሚለውን ቃል ወዲያውኑ ስክሪንሾት ያንሡ። ከሻጩ ጋር ሲነጋገሩ ስድቡን ትተው ቁጥሩን ያቅርቡ፤ «28.07 ግራም ብለውኝ 24.60 መጣ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግዴለሹን ሻጭ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን እንዲመልስ ያደርገዋል። አውቆ ያታለለውን በተመለከተ ግን የክፍያ ደረሰኙንና ምስሎቹን ይዘው ለፖሊስ ያመልክቱ፤ አታላይነት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ያስቀጣል።

«የአክሱም ዘመን ወርቅ ነው፣ ከእርሻ መሬት የተገኘ» የሚል ሻጭ ሲመጣ ግን የዋጋ ድርድር ውስጥ አይግቡ። ዕቃው ሐሰተኛ ከሆነ ገንዘብዎን ያጣሉ፤ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲነገር የሚያዝዘው፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይመለከተዋል። ሻጩን በአቅራቢያው ወዳለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይምሩት፤ አልሄድም ካለም ንግግሩን ዝጉ።