የቲማቲም ዘር ስትገዙ ፓኬቱ ላይ ያሉትን ፊደላት እዩ
ቲማቲም ለምትተክሉ፦ ፓኬቱ ላይ ካለው ቀይ ፎቶ ይልቅ ከስሙ አጠገብ ያሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት እዩ። «ኤፍ» ካለ ዝርያው ፊውዛሪየም የተባለውን የአጠውልግ ፈንገስ ይቋቋማል፤ «ቪ» ካለ ቨርቲሲሊየም የተባለውን ሌላ የአጠውልግ ፈንገስ። ሮማ ቪኤፍ የተባለው ዝርያ ሁለቱንም ይቋቋማል። («ኤፍ 1» ግን ሌላ ነው፣ ድቅል ዘር ማለት ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ይሸወዳል።) ቲማቲምን የሚያጠቃው ፊውዛሪየም 3 ዓይነት ስለሆነና የሚቋቋሙትም ጂኖች ስለሚለያዩ፣ አንድ ኤፍ ካልበቃ ሁለት ወይም ሦስት ኤፍ ያለውን ፈልጉ። ፈንገሱ አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ቅጠል ላይ መድኃኒት መርጨት ብር ማባከን ነው።

መጀመሪያ ግን ቲማቲማችሁን ያጠወለገው ባክቴሪያ አለመሆኑን አጣሩ፦ የጠወለገውን ግንድ ከሥሩ አጠገብ ቆርጣችሁ ጫፉን ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ያዙት። በደቂቃዎች ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ከወረደ ባክቴሪያ ነው፤ ኤፍ ቢደረደርም አያድነውም።