ሆድ ሲታወክ፦ ኪኒን ከመግዛትዎ በፊት

ሐዋሳ ውስጥ ሆዱን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚመረመረው በጎረቤት ነው። "አሜባ ነው" ይባላል፣ ሜትሮኒዳዞል ይገዛል፣ አለቀ። ግን ቀጭን አንጀትና ወፍራም አንጀት ሥራቸው ይለያያል። ቀጭኑ 6 ሜትር ገደማ ነው፤ ምግብ ልሞ ወደ ደም የሚገባው በአብዛኛው እዚያ ነው። ወፍራሙ 1.5 ሜትር ያህል ሲሆን ከተረፈው ላይ ውሃ ይመጥጣል። ምልክቱን ካዩ የቱ እንደታወከ መገመት ይቻላል።

ውሃ የመሰለ፣ ደም የሌለው ተቅማጥ
ብዙ ጊዜ የቀጭኑ ጣጣ ነው። መንስኤው ቫይረስ ወይም የተበከለ ውሃና ምግብ ይሆናል። አብዛኛው በጥቂት ቀን በራሱ ይተዋል፤ የሚገድለው የፈሳሽ እጥረት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት)። ስኳርና ጨው በልክ ሲቀላቀሉ የታመመ አንጀት እንኳ ይቀበላቸዋል፣ ውሃውም አብሮ ይገባል። የ1 ሊትሩን ፓኬት ሙሉውን በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጥብጡ፤ በ24 ሰዓት ካላለቀ ይድፉት። በብርጭቆ ቆንጠር እያደረጉ መበጥበጥ መጠኑን ያዛባል። ለስላሳ መጠጥም አይተካውም፤ ስኳሩ በዝቶ ጨዉ ያንሳል። ለሕፃን ጤና ጣቢያ ዚንክ ይሰጣል፤ ጡት አይቋረጥ።

ትንሽ ትንሽ የሚመጣ፣ ደምና ንፍጥ ያለው
ይሄ ወፍራሙ ነው። አሜባ ሊሆን ይችላል፣ ሽጌላ የሚባል ባክቴሪያም ሊሆን ይችላል። ሽጌላን ሜትሮኒዳዞል አይነካውም! ሰገራ ሳይመረመር ኪኒን መዋጥ ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው።

ድርቀት
ሰገራ በቆየ ቁጥር ውሃው ይመጠጣል፣ ይጠጥራል። ነጭ ዳቦ ማዘውተር፣ ውሃ አለመጠጣት፣ ጫት፣ "ቆይ አንድ ሰው ላድርስ" እያሉ መያዝም (የባጃጅ ሾፌሮች ያውቁታል) ያመጡታል። ከቁርስ በኋላ አንጀት ራሱ ስለሚነቃ ያን ጊዜ ሳይቸኩሉ ይቀመጡ። ሰገራ የሚያለሰልሱት አቮካዶና ፓፓያ እንደሆነ ሐዋሳ ላይ አይጠፉም።

መነፋት
ሽሮና ባቄላ ከሆነ የተለመደ ነው። ወተት ከሆነ ወደ እርጎ ይቀይሩ።

ነጭ፣ ጠፍጣፋ ቁራጭ ከሰገራ ጋር
ኮሶ ነው፤ ከጥሬ ሥጋ የመጣ። ለብ ለብ ክትፎም አያድንም። ጤና ጣቢያ ፕራዚኳንቴል ይታዘዝልዎታል።

እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ታች ቀኝ የሚሄድ ሕመም
ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። የሕመም ማስታገሻም የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አይውሰዱ። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ።