የቤተሰብ ፍቅርን የሚያሳይ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ደሴ ላይ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ለዚህ መጽሐፍ የሚሆን ታሪክ አያጣም። እዚህ አንድ ቤተሰብ ውስጥ መስጊድ የሚሄድም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለምም አለ፤ ሰኞ ባቲ ገበያ የወረደ ደግሞ አፋሩንም፣ ኦሮሞውንም፣ አማራውንም አንድ ቦታ ያገኛል። ልጆቻችን ይህን በዓይናቸው እያዩ ነው የሚያድጉት፤ በሥዕል መጽሐፍ ሲያገኙት ግን ብርቅ ነው። እኛው እንሥራላቸው። አራት ኤፎር ወረቀት፣ ለሽፋን አንድ ወፍራም ወረቀት፣ የቀለም እርሳስ፣ ወስፌ፣ መርፌና ጠንካራ ክር ይበቃል።

መጀመሪያ አንድ ድርጊት ምረጡ። «ፍቅር» ብላችሁ አትነሱ፣ በጣም ሰፊ ነው። እናቶቻችን «እወድሃለሁ» ሲሉ አይውሉም፤ ያጎርሳሉ፣ ጸጉር ይሠራሉ፣ ያዝላሉ፣ ይመርቃሉ። ከ3 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅም የሚገባው ይኸው በእጅ የሚደረገው ነገር ነው። ማዘልን ከመረጣችሁ የእኛን አንቀልባ፣ የጃፓኖቹን ኦንቡሂሞ የሚባል ማሰሪያና ሜክሲኮ ውስጥ ሬቦሶ የሚሉትን ረጅም ጨርቅ ጎን ለጎን ማስኬድ ትችላላችሁ። ሰላምታ ከሆነ ደግሞ እኛ የአያትን ጉልበት እንስማለን፣ ህንድ ውስጥ ልጆች የትልልቆቻቸውን እግር ነክተው ምርቃት ይቀበላሉ፣ የኒውዚላንድ ማኦሪዎች አፍንጫና ግንባራቸውን ያገናኛሉ። ሁለቱን አትቀላቅሉ። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ድርጊት።

ቀጥሎ ጠይቁ። የአፋር ቤተሰብ ልትስሉ ከሆነ አፋር ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ሳታናግሩ እርሳስ አታንሱ። ስልካችሁን ለመቅጃ አዘጋጁ፣ ጥያቄውንም ቀለል አድርጉት። «ፍቅርን እንዴት ይገልጻሉ?» ብትሉ የምታገኙት ንግግር ነው። «እማማ፣ ልጅዎ ከሩቅ ሲመጣ በር ላይ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?» በሉ፤ ያኔ እጃቸው ራሱ ያሳያችኋል።

ጽሑፉ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ወሎ ውስጥ ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ እንግዳ ለየብቻ ይታረዳል፣ ወጡም ለየብቻ ይሠራል፣ ማንም ሳይሳቀቅ ይበላል። ይህን ለልጅ ማስረዳት የሚቻለው በትንሽ ነገር ነው። አንዲት ሙስሊም አያትና ጾም የጀመረ የልጅ ልጇን አስቡ። አንዱ ገጽ ላይ «ዛሬ እኔ እጾማለሁ። እማማ አትጾምም» ይላል። ሲገለጥ፦ «እማማ ትንሿን ድስት አወጣች። የእኔ ሽሮ ለብቻው ተንተከተከ።» በቃ። «እማማ በጣም ትወደኛለች» የሚለውን ሰርዙት፣ ድስቷ ተናግራለች። ከዚያ ረመዳን ይምጣ፤ መግሪብ ሲቃረብ ልጁ የእማማን ቴምር በሳህን ይዞ ደጅ ቆሞ አዛን ሲጠብቅ ይታይ። ለአንድ ገጽ አንድ ወይም ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ በትልልቅ ፊደል።

አሁን ገጾቹ። አራት ወረቀት መሃሉ ላይ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሆናል። ማተሚያ ቤት የሚታተሙት አብዛኛውን ጊዜ 32 ናቸው፣ ለቤት ግን 16 ይበቃል። ከመሳላችሁ በፊት ወረቀቶቹን አጥፋችሁ አንዱን በአንዱ ውስጥ ክተቱና ገጹን በእርሳስ ቁጠሩ፤ አለዚያ ስትለያዩዋቸው ገጽ 2 ከገጽ 15 ጎን ይሆንባችሁና ሥራው ይደበላለቃል። ትልቁን ሥዕል 8 እና 9 ላይ አድርጉት፣ እዚያ ብቻ ነው ሁለቱ ገጾች በአንድ ወረቀት ላይ ሳይቆረጡ የሚያርፉት።

ሥዕል አልችልም የሚል ሰው የቤተሰብ ፎቶ መስኮት ላይ ለጥፎ፣ ስስ ወረቀት ደርቦ ያስምር። ማቅለሙን ለልጆቹ ተዉላቸው። አንድ አደራ አለኝ፦ ሰውን ሁሉ የበዓል ልብስ አታልብሱ። የአፋር እናት ሁልጊዜ ግመል አጠገብ አትቆምም፣ የልጇን ዩኒፎርም ታጥባለች፣ ስልክ ታወራለች። እንደ ሰው ሳሏት።

ሳትሰፉት ለጠየቃችኋቸው ሰዎች አንብቡላቸው። «እንዲህ አይደለም የሚታሰረው» ካሉ ያንን ገጽ ብቻ ቀይሩ። ፎቶ ኮፒ ማስነሳት የሚፈልግም አሁኑኑ ያስነሳ፣ ከተሰፋ በኋላ ያስቸግራል።

ስፌቱ ቀላል ነው። ሽፋኑን ደርባችሁ እጥፋቱ ላይ በወስፌ ሦስት ቦታ ብሱ፦ መሃሉን፣ ከላይ 4 ሴንቲ ሜትር ወረድ ብሎ፣ ከታችም 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። ወስፌውን አዋቂ ይያዝ። 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ክር ሻማ ላይ አሹት፣ እንዳይተረተር። መርፌውን ከውስጥ በመሃሉ ቀዳዳ አውጡ፣ ጫፉን አስቀሩ። በላይኛው አስገቡ፣ መሃሉን ዘላችሁ በታችኛው አውጡ፣ ተመልሳችሁ በመሃሉ አስገቡ። ሁለቱን ጫፎች ከረጅሙ ክር ግራና ቀኝ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ቋጥሩና ትርፉን ቁረጡ።