በብርሃን ለመሳል ርካሽ ካሜራ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጨለማ ውስጥ ሹተሩን (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባውን መዝጊያ) ለብዙ ሰከንዶች ክፍት አድርጎ፣ በእጅ ባትሪ ወይም በሌላ ትንሽ መብራት አየር ላይ እየሳሉ ፎቶ ማንሳት ከካሜራው የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፤ ሆኖም ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ከጎደለ ሥራው ከጅምሩ ይሰናከላል። ጂዮን ሚሊ የተባለው ፎቶግራፈር እ.ኤ.አ. በ1949 ፓብሎ ፒካሶ በመብራት አየር ላይ ሲስል ያነሳቸው ዝነኛ ምስሎች የተገኙት በፊልም ካሜራ፣ ስክሪንም ሆነ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ፎከስ ባልነበረበት ዘመን ነው። የዛሬ ገዢ ግን ብዙውን ጊዜ ለማይጠቀምበት ነገር ከፍሎ፣ የሚያስፈልገውን ሳይጠይቅ ይወጣል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት «ቡልብ» የተባለው አሠራር መኖሩን ሳያረጋግጡ መግዛት ነው። ቡልብ ማለት አንሺው እስከፈለገ ድረስ ሹተሩ ተከፍቶ የሚቆይበት አሠራር ሲሆን፣ ያለ እርሱ አብዛኞቹ ካሜራዎች ከ30 ሰከንድ አያልፉም፤ አንዳንድ ትንንሾቹ ደግሞ እዚያም አይደርሱም። እኔ ራሴ መጀመሪያ የገዛኋት ትንሽ ካሜራ «ማኑዋል አላት»፣ ማለትም ጊዜውንና ብርሃኑን በራስ እጅ ማስተካከል ይቻልባታል፣ ተብላ ነው የተሸጠችልኝ፤ እውነትም ነበራት፣ ነገር ግን የሹተሯ የመጨረሻ ገደብ 15 ሰከንድ ነበር። ቆሞ በሚጠብቀኝ ጓደኛዬ ዙሪያ በባትሪ ክብ እየሳልኩ ሦስት አራተኛውን ያህል እንደ ዞርኩ ሹተሩ ጠቅ ብሎ ተዘጋ፤ በስክሪኑ ላይ የጠበቀኝም አፉን የከፈተ ቀለበት ነበር። ስለዚህ የሞድ መምረጫውን ማኑዋል ላይ አድርገው የሹተሩን ጊዜ እስከ መጨረሻው ያርዝሙት፤ ከመጨረሻው ቁጥር ቀጥሎ «ቡልብ» ካልመጣ፣ በመምረጫው ላይም ለብቻው ካልተቀመጠ፣ ካሜራውን መልሰው ያስቀምጡት። ከዚሁ ጋር በገመድ፣ በሪሞት ወይም በስልክ መተግበሪያ መታዘዝ መቻሉን ይጠይቁ፤ ቁልፉን ለሁለት ደቂቃ በጣት ተጭኖ መያዝ ምስሉን ማንቀጥቀጡ አይቀርምና፣ ብቻዎን የሚሠሩ ከሆነም በአንድ ጊዜ ቁልፍ ተጭነው መብራት ይዘው መዞር አይችሉም።

ሁለተኛው ስህተት «ሥራዬ በጨለማ ስለሆነ በጨለማ ጎበዝ የሆነ ካሜራ ያስፈልገኛል» ብሎ ማሰብ ነው። ሐሳቡ ትክክል ይመስላል፤ ኪስ የሚያራቁተውም እርሱ ነው። አንድ የሚንቀሳቀስ መብራት በምስሉ ላይ በእያንዳንዱ ነጥብ የሚያልፈው ለሰከንድ ቁራሽ ብቻ ነው፤ ስለሆነም ሹተሩ 20 ሰከንድም ተከፈተ 4 ደቂቃ፣ የመስመሩ ድምቀት ያው ነው። በጊዜው ርዝመት የሚደምቀው የማይንቀሳቀሰው ነገር፣ ማለትም ሰማዩ፣ ግድግዳውና ዛፉ ነው። የመስመሩን ድምቀት የሚወስኑት አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ የመብራቱ ኃይልና የእጅዎ ፍጥነት ናቸው። በተግባር አብዛኛው ሥራ የሚከናወነው በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ 8 አካባቢ (ኤፍ የአፐርቸሩ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ሲሆን፣ አፐርቸሩ ከልክ በላይ ከተከፈተ ቀዩም ሰማያዊውም መስመር ቀለሙ ጠፍቶ ወደ ነጭነት ይለወጣል። እንግዲህ በከፍተኛ አይኤስኦ ንጹሕ ምስል ለሚሰጥ ካሜራም ሆነ ኤፍ 1.8 ለሚከፈት ሌንስ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ለዚህ ሥራ ትርፉ ኢምንት ነው፤ ከርካሽ ካሜራዎች ጋር አብሮ የሚሸጠው 18–55 ሚሊሜትር ሌንስ ይበቃል። ሜጋፒክስል መቁጠርም እንዲሁ ነው፤ 12 ሜጋፒክስል ለኤ3 ወረቀት ኅትመት በቂ ነው። ይልቁንስ ካሜራው ጥሬ ፋይል (ካሜራው ያልነካካው፣ በኋላ በኮምፒውተር የሚስተካከል ምስል) ማስቀመጥ መቻሉ ይበልጣል፤ የመብራቶቹ ቀለም የተለያየ በመሆኑ በኋላ ማስተካከል የማይቀር ነው።

ተጨማሪ ክፍያ የሚገባው ነገር ካለ፣ በእኔ ግምት፣ ኦሊምፐስ እ.ኤ.አ. በ2014 ኦኤም-ዲ ኢ-ኤም10 በተባለው ካሜራ ይዞት የመጣው «ላይቭ ኮምፖዚት» ነው። ካሜራው ተከታታይ ምስሎችን እያነሳ በመጀመሪያው ላይ አዲስ የደመቀውን ነጥብ ብቻ ስለሚጨምር፣ የጀርባው ብርሃን ሳይበዛ ሥዕሉ ሲያድግ በስክሪኑ ላይ ይታያል።

ያገለገለ ካሜራ መግዛት ብልህነት ነው፤ ስህተቱ በብርሃን ብቻ መሞከሩ ነው። በቀን የተነሳች አንዲት ፎቶ ስለ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ወደ ምስል ስለሚለውጠው ክፍል) ረጅም ጊዜ አቅም ምንም አትናገርም። የሌንሱን ክዳን እንደ ገጠሙ፣ በአይኤስኦ 100 የ30 ሰከንድ ፎቶ ያንሱና ምስሉን አጉልተው ከጥግ እስከ ጥግ ይመልከቱት። ጥቁር መሆን በሚገባው ላይ የተበተኑ ጥቂት ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ ነጥቦች የተለመዱ ናቸው፤ በካሜራው ውስጥ ያለው የረጅም ኤክስፖዠር (ሹተሩ ረጅም ጊዜ ተከፍቶ የሚነሳ ፎቶ) ማጽጃ ሲበራም ይጠፋሉ። ማጽጃው ግን ያንኑ ያህል ጊዜ ሹተሩን ዘግቶ ሁለተኛ ምስል ስለሚወስድ፣ የ4 ደቂቃ ፎቶ 8 ደቂቃ እንደሚፈጅ ይወቁ። ነጥቦቹ ማጽጃው በርቶም ከቀሩ ዋጋው ቢቀንስም አይቸኩሉ። በአንጻሩ ሻጮች የሚኩራሩበት ወይም የሚደብቁት የሹተር ቁጥር፣ ማለትም ካሜራው እስካሁን ያነሳው የፎቶ ብዛት፣ ብዙ ሊያስጨንቅዎ አይገባም፤ በዚህ ሥራ በአንድ ሌሊት የሚነሳው ፎቶ ጥቂት ነውና።

ሌንሱን ሳይነኩ መግዛትም ያስቆጫል። አውቶ ፎከስ በጨለማ ወዲያና ወዲህ ሲል ያመሻል፤ ስለዚህ ርዕሰ ጉዳዩን በባትሪ አብርቶ ፎከስ ካደረጉ በኋላ ወደ ማኑዋል መቀየር የግድ ነው። አንዳንድ ሌንሶች ካሜራው ሲጠፋ ወይም ሲያንቀላፋ ፎከሱን ይረሳሉ። ፎከስ አድርገው ያጥፉት፣ መልሰው ያብሩት፣ ቦታውን መጠበቁን ይዩ።

በመጨረሻም ገንዘቡን በሙሉ ካሜራው ላይ የሚጨርስ ሰው ትርፍ የካሜራ ባትሪና ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ሳይገዛ ይቀራል። ረጅም ኤክስፖዠር ባትሪ ይበላል፣ ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ትራይፖዱን እግሮቹን እስከ መጨረሻው ዘርግተው፣ ካሜራውን ከላዩ አስረው በጣት ጫፍ ቀስ ብለው ይንኩት፤ ንዝረቱ ወዲያው ካልቆመ፣ ወይም ካሜራው በክብደቱ ወደ ፊት ቀስ በቀስ ካዘነበለ፣ ሌላ ይምረጡ።