በሁለት ፓስፖርት ሄሊኮፕተር ማብረር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥምር ዜግነት ያለው ሄሊኮፕተር አብራሪ ውጭ አገር ሥራ ሲፈልግ የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ በችሎታው ሳይሆን በወረቀቱ ነው። የአብራሪነት ሥልጠና ውድ ስለሆነ በዚህ መንገድ የሚባክን ገንዘብና ዕድሜ ያሳዝነኛል።

ትልቁ ስህተት ፓስፖርትን እንደ ማብረሪያ ፈቃድ መቁጠር ነው። ፓስፖርት በአገሩ የመኖርና ተቀጥሮ የመሥራት መብት ይሰጣል፤ ከዚያ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አንቀጽ 32 እንደሚለው፣ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ ያለ አብራሪ ፈቃዱን የሚሰጠው ወይም የሚያጸናለት አውሮፕላኑ ወይም ሄሊኮፕተሩ የተመዘገበበት አገር ነው። የብሪታንያና የአየርላንድ ዜግነት ያለውን ሰው እንውሰድ። በአየርላንድ ፓስፖርቱ በመላው የአውሮፓ ኅብረት ያለ ሥራ ፈቃድ መቀጠር ይችላል። የብሪታንያ የአብራሪነት ፈቃዱ ግን ከእ.ኤ.አ. 2021 መግቢያ ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች የተመዘገበ ሄሊኮፕተር አያስበርረውም።

አሜሪካ የሠለጠነም ተመሳሳይ ግድግዳ ይገጥመዋል። እዚያ የንግድ ሄሊኮፕተር ፈቃድ (በክፍያ ለማብረር የሚያስችለው) በ150 የበረራ ሰዓት ይገኛል፤ አውሮፓ ውስጥ በተለመደው ደረጃ በደረጃ ሥልጠና 185 ሰዓት ይጠየቃል። ፈቃዱን ለማስቀየር የጽሑፍ ፈተናዎቹን እንደገና መፈተን፣ የአውሮፓን የአንደኛ ደረጃ የጤና ምስክር ወረቀት ማውጣትና የተግባር ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። በተቃራኒው አቅጣጫም፣ በውጭ ፈቃድ መነሻነት ያለ ፈተና የሚሰጠው የአሜሪካ ወረቀት ለግል በረራ ብቻ ያገለግላል፤ ደመወዝ አያስገኝም። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ሊሠሩበት የሚፈልጉትን አገር ሥልጠና ከመጀመርዎ በፊት ይወስኑ፤ ለትምህርቱ ከመክፈልዎ በፊትም የዚያን አገር የጤና ምርመራ ያድርጉ።

ሁለተኛው ስህተት በጥቂት ሰዓት ወደ ባሕር ላይ የነዳጅ ሥራ መቸኮል ነው። ከኖርዌይዋ ስታቫንገር ወይም ከስኮትላንዷ አበርዲን ተነስተው ሠራተኛ የሚያመላልሱ ድርጅቶች ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ የማብረር ብቃትን ይጠይቃሉ፤ ውኃ ውስጥ ከወደቀ ሄሊኮፕተር የማምለጥ ሥልጠናም ግዴታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎች መጀመሪያ ሮቢንሰን አር22 እና አር44 በሚባሉ ትናንሽ ሄሊኮፕተሮች አስተማሪ ሆነው ሰዓት ያጠራቅማሉ። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ፓስፖርት የለም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ አደገኛ ግምት አለ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ጀርመን በ2024 ጥምር ዜግነት ሲፈቅዱ ብዙ ሰው «እንግዲህ ሁለቱንም ያዝሁ» ብሎ ተደሰተ። ሆኖም የተፈቀደው በእነሱ ሕግ ነው። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘን ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ስለዚህ በአሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርት መጓዝ፣ ወይም በሥራ ማመልከቻ ላይ «ጥምር ዜጋ» ብሎ መጻፍ፣ የጀርባ ታሪክ በጥብቅ በሚመረመርበት በዚህ ሙያ ትልቅ ጣጣ ያመጣል። ትክክለኛው መንገድ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛና ያለ ሥራ ፈቃድ በአገሩ መሥራት ይችላል። በመከላከያና በደኅንነት ተቋማት መቀጠር ግን ስለማይፈቀድለት የአየር ኃይል ሄሊኮፕተር ለእሱ ዝግ ነው።

የመጨረሻው የግብር ጉዳይ ነው፤ የሚመለከተውም የአሜሪካ ዜግነት ያላቸውን ነው። አሜሪካ ዜጎቿን የትም ቢኖሩ በዓለም አቀፍ ገቢያቸው ግብር እንዲያሳውቁ ታስገድዳለች። ውጭ አገር ባሉ የባንክ ሒሳቦች ያለው ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ በአንድ ላይ ከ10,000 ዶላር ካለፈም ለአሜሪካ መንግሥት ማሳወቅ ግዴታ ነው። በውጭ ለተገኘ ደመወዝ የሚሰጠውን ቅናሽ ለማግኘት አንዱ መስፈርት በተከታታይ 12 ወራት ውስጥ 330 ሙሉ ቀናት በሌላ አገር መቆየት ነው። 28 ቀን ሠርቶ 28 ቀን የሚያርፍ አብራሪ እያንዳንዱን ዕረፍት አሜሪካ ካሳለፈ ይህን አያሟላም። ደመወዙን ሲደራደሩ ግብሩን ቀንሰው ያስሉት፤ የሒሳብ ባለሙያም ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ያማክሩ።